ባልሄዱበት ቦታ መታየት ይገባልን?



በዚህ በ2018 ዓ.ም. በታኅሣሥ ወር በትምህርት ቤታችን የወላጆች ቀን በዓል ላይ አንድ አጭር ፊልም እንደ ታየ የምታስታውሱ ብዙዎች ናችሁ። በፊልሙ ላይ ስድስት ተማሪዎች በታላቁ የሕዳሴ ግድብ ፊት ቆመው፥ ነፋሱ ልብሳቸውን እያውለበለበ፥ ስለ ዓባይ ወንዝ የተጻፈ ንግግር እየተቀባበሉ ሲናገሩ ታይተዋል። ፊልሙ የቆየው 40 ሴኮንድ ብቻ ሲሆን ጭብጨባው ከዚያ በለጠ። ከስድስቱ ተማሪዎች ግን አንድ ስንኳ ወደ ጉባ ወረዳ ሄዶ ግድቡን በዓይኑ ያየ የለም። የቆሙት ከቤተ መጻሕፍቱ በስተጀርባ፥ በሁለት የማንጎ ዛፎች መካከል በተዘረጋ ሰማያዊ ጨርቅ ፊት ነው። ነፋሱም የዓባይ ነፋስ አልነበረም፤ አንድ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ በካርቶን ሲያራግብላቸው ነበር። ይህን ሁሉ ያደረግሁት እኔ ነኝ።

ብዕሬን እንዳነሣ ያስገደደኝ ከበዓሉ በኋላ የደረሰው ነገር ነው። እርሱን ከመናገሬ በፊት ግን ሥራው ምን እንደ ሆነ ልግለጽ፤ ስለማያውቁት ነገር ይሁን ወይም አይሁን ብሎ መከራከር ከንቱ ድካም ነውና።

ባለሙያዎቹ ሥራውን ኮምፖዚቲንግ ይሉታል። በአማርኛ «ምስልን ከምስል ማጣመር» ብንለው ከትርጉሙ የምንርቅ አይመስለኝም። በተለያየ ቦታና በተለያየ ሰዓት የተነሡ ምስሎችን አንድ ላይ አድርጎ፥ በአንድ ቦታና በአንድ ሰዓት እንደ ተነሡ አስመስሎ ማሳየት ማለት ነው። ይህ ለእኛ አገር ፍጹም እንግዳ ነው የሚል ቢኖር የአያቴን ፎቶግራፍ ላሳየው እችላለሁ። አያቴ በ1977 ዓ.ም. በሰፈራ ከወሎ ወደ አሶሳ ከመጣች ከጥቂት ዓመታት በኋላ በፎቶ ቤት የተነሣችው ነው። በነጭ ነጠላ ተሸፍና ቆማለች፤ ከጀርባዋ ባሕር፥ በባሕሩም ላይ ጀልባ አለ። አያቴ ባሕር የሚባል ነገር እስከ ዛሬ አይታ አታውቅም። በፎቶ ቤቱ ግድግዳ ላይ በቀለም የተሣለ ነው። በየከተማው ያሉ ፎቶ ቤቶቻችን ስንቱን ሰው በፏፏቴ ፊትና በአበባ መካከል አቁመውት ይሆን! ማንም ግን «ዋሻችሁ» ብሎ አልከሰሳቸውም። ለምን እንዳልከሰሳቸው በኋላ እመለስበታለሁ።

በውጭው ዓለም ደግሞ ነገሩ ከሲኒማ ጋር አብሮ የተወለደ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ፈረንሳዊው ዦርዥ ሜልዬስ እ.ኤ.አ. በ1902 ሰዎች ወደ ጨረቃ ሲሄዱ ያሳየበትን ፊልም የሠራው በአንድ ፊልም ላይ ደጋግሞ በማንሣትና የምስሉን ከፊል በጥቁር በመሸፈን በመሳሰሉት ዘዴዎች ነው። በኋላም ተዋናዮችን በሰማያዊ መጋረጃ ፊት አንሥቶ ሰማያዊውን ማስወገድ መጣ፤ እ.ኤ.አ. በ1940 የወጣው «የባግዳድ ሌባ» የተባለው ፊልም በዚህ የታወቀ ነው። ፔትሮ ቭላሆስ የተባለው መሐንዲስም እ.ኤ.አ. በ1959 ለወጣው «ቤን ኸር» የተሻለውን ዘዴ አዘጋጀ። ሁሉም የሚሠራው በፊልም ጥቅልልና በኬሚካል ስለ ነበር አንዲት ስሕተት የብዙ ቀን ድካም ታጠፋ ነበር። በእኛ አገር የቴሌቪዥን ሥርጭት የተጀመረውና «ሂሩት አባቷ ማነው?» የተባለው ፊልም የታየው በ1957 ዓ.ም. ገደማ መሆኑን ስናስብ፥ እነርሱ በዚያን ጊዜ ምን ያህል ርቀው እንደ ነበር እንረዳለን። ዛሬ ግን ያ ሁሉ መሣሪያ በአንድ ኮምፒዩተር ውስጥ ገብቷል፤ እኔን የመሰለ የአሶሳ ልጅም ሊነካው ይችላል። ልቤን የነካው ይኸው ነው።

እኔ የተማርሁበት ፕሮግራም ዳቪንቺ ሪዞልቭ ይባላል። ያዘጋጀው ብላክማጂክ ዲዛይን የተባለ የአውስትራሊያ ኩባንያ ሲሆን፥ ፊልም ለመቁረጥ፥ ቀለም ለማስተካከልና ድምፅ ለመሥራት ያገለግላል። ምስል የሚጣመርበት ክፍሉ ፊውዥን ይባላል፤ ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2014 ከሌላ ድርጅት ገዝቶ በ2018 በሪዞልቭ ውስጥ አስገባው። ያለ ክፍያ የሚሰጥ እትም አለው፤ የመማሪያ መጻሕፍቱንም ኩባንያው በነጻ ይሰጣል። ፋይሉ ከ2 ጊጋባይት በላይ ስለ ሆነ በስልክ ኢንተርኔት ማውረድ ከኪሴ በላይ ነበር፤ አዲስ አበባ የሚማረው የአጎቴ ልጅ በፍላሽ አምጥቶልኝ ነው የተገላገልሁት። ኮምፒዩተሩ የወንድሜ ነው። ኩባንያው ለፊውዥን ሥራ 32 ጊጋባይት ሜሞሪ ይመክራል፤ የእኛው ያለው 8 ነው። ስለዚህ አንድ ነገር ባዘዝሁት ቁጥር መልሱን እስኪሰጠኝ ድረስ የባዮሎጂ ደብተሬን አንድ ገጽ አነብ ነበር። (ይህን የምጽፈው በዚህ ዓመት የባዮሎጂ ውጤቴ ለምን ከፍ እንዳለ የጠየቁኝ መምህር እንዲያውቁት ነው።)

በፊውዥን ውስጥ ሥራው የሚሠራው ኖድ በሚባሉ ትናንሽ ሣጥኖች ነው። ምስሉ እንደ መስኖ ውኃ በቀጭን መስመር ከሣጥን ወደ ሣጥን ይፈስሳል፤ በአንዱ ሣጥን ቀለሙ ይለወጣል፥ በሌላው መጠኑ፥ በሌላው ጠርዙ ይለሰልሳል። ሁለት ምስሎች የሚገናኙበት ሣጥን መርጅ ይባላል። ሁለት አፍ አለው፤ በቢጫው ከኋላ የሚሆነው ምስል ይገባል፥ በአረንጓዴው ከፊት የሚሆነው። በመጀመሪያው ሳምንት ሁለቱን አዛውሬ በማገናኘቴ ግድቡ ተማሪዎቹን ሁሉ ውጦ አስቀራቸው፤ ሦስት ሌሊትም ስሕተቱን ስፈልግ አደርሁ።

በመርጅ ውስጥ የሚደረገው ሒሳብ ግን ከሰባተኛ ክፍል የሚያልፍ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1984 ቶማስ ፖርተርና ቶም ደፍ የተባሉ ሁለት የሉካስፊልም ሠራተኞች ጽፈው ያወጡት ነው። እያንዳንዱ የምስል ነጥብ ከቀለሙ ሌላ አልፋ የሚባል ቁጥር አለው፤ 1 ከሆነ ነጥቡ ሙሉ በሙሉ ይታያል፥ 0 ከሆነ ፈጽሞ አይታይም። የፊተኛው ብርሃን 0.8፥ የኋለኛው 0.2፥ አልፋውም 0.5 ቢሆን፥ 0.8 በ0.5 ተባዝቶ 0.4 ይሆናል፤ 0.2 በቀሪው 0.5 ተባዝቶ 0.1 ይሆናል፤ ድምሩ 0.5 ነው። ኮምፒዩተሩ ይህን ለእያንዳንዱ ነጥብ፥ ለእያንዳንዱም ምስል ይደጋግማል። ስልኬ በሴኮንድ 30 ምስል ስለሚያነሣ የ40 ሴኮንዱ ፊልም 1,200 ምስል ነበረው። በወንድሜ ኮምፒዩተር አንዱ ምስል 9 ሴኮንድ ስለሚፈጅ ሁሉም ሦስት ሰዓት ሙሉ ይፈልጋል። ሁለት ጊዜ በመካከሉ መብራት ጠፋብኝ። ከዚያ በኋላ ነው ምስሎቹን አንድ በአንድ በተናጠል ማስቀመጥ እንደሚቻልና መብራት ሲመጣ ካቆሙበት መቀጠል እንደሚገባ የተረዳሁት።

ከሁሉ የሚከብደው ሰውን ከመጋረጃው መለየት ነው። አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ የሚመረጠው በሰው ቆዳ ላይ እነዚህ ቀለሞች ጥቂት ስለ ሆኑ ነው፤ በአብዛኛው ካሜራ ውስጥም ከአራቱ የብርሃን መቀበያ ነጥቦች ሁለቱ ለአረንጓዴ የተመደቡ ስለ ሆኑ አረንጓዴው የጠራ ይሆናል። እኔም ይህን አንብቤ ከገበያ አረንጓዴ ጨርቅ ገዛሁ፥ እናቴም በከሰል ካውያ ተኮሰችልኝ፥ ጓደኞቼንም አቁሜ አነሣኋቸው። የረሳሁት ነገር ቢኖር የትምህርት ቤታችን ሹራብ አረንጓዴ መሆኑን ነው። አረንጓዴውን ባስወገድሁ ጊዜ ስድስት ራስና አሥራ ሁለት እጅ በዓባይ ላይ ሲንሳፈፉ ታዩ። ጓደኞቼ ያን ምስል እስከ ዛሬ በየስልካቸው አስቀምጠው ይስቁብኛል። ስለዚህ ወደ ሰማያዊ ጨርቅ ዞርሁ።

በአካባቢያችን ወርቅ የሚያጥቡ ሰዎችን ያየ ይህን ሥራ በቶሎ ይረዳዋል። ውኃውን ቀስ አድርገው ካላዞሩት አፈሩ አይሄድም፤ አጥብቀው ካዞሩት ደግሞ ደቃቁ ወርቅ ከጭቃው ጋር ይሄዳል። ምስልም እንዲሁ ነው። ሰማያዊውን በጣም አጥርቼ ሳስወግደው የልጃገረዶቹ የሹሩባ ጫፍ አብሮ ተቆረጠ፤ ጥቂት ስተውለት ደግሞ በራሳቸው ዙሪያ ሰማያዊ ጭጋግ ቀረ። የስልክ ካሜራም ሌላ ችግር ጨመረ፤ ፋይሉን ለማሳነስ ሲል ለአራት ነጥብ ብርሃኑን አራት ጊዜ ሲመዘግብ ቀለሙን ግን አንድ ጊዜ ብቻ ይመዘግባል። ስለዚህ በቀለም ተለይቶ የሚቆረጠው ጠርዝ እንደ ደረጃ ተሸራረፈ። መፍትሔው የአንዱን ፀጉር ለብቻ፥ የአንዱን ትከሻ ለብቻ እየከለሉ መሥራት ነው። ይህ ብቻ አሥራ ሰባት ቀን ፈጀብኝ።

የቀረ አንድ ስሕተት ነበር። የግድቡን ምስል ያገኘሁት ለጉብኝት ሄደው ከነበሩ መምህራችን ስልክ ነው፤ የተነሣው ከሰዓት በኋላ ስለ ሆነ ፀሐዩ በስተግራ ነው። ጓደኞቼን ያነሣኋቸው ጠዋት በመሆኑ ፀሐዩ በስተቀኝ ነበር። ስለዚህ የግድቡ ጥላ ወደ አንድ ወገን፥ የስድስቱ ፊት ጥላ ወደ ሌላ ወገን ወደቀ። በሰማይ ላይ ሁለት ፀሐይ ነበረ ማለት ነው። ይህን ያወቅሁት በዓሉ ሊደርስ ሁለት ቀን ሲቀረው ነው፤ የማርምበት ጊዜ ስለሌለኝ በፍርሃት አቀረብሁት። ከአራት መቶ ከሚበልጡት ተመልካቾች መካከል ጥላውን ያየ ሰው እስከ ዛሬ አላገኘሁም። በዚያን ቀን ደስ አለኝ። አሁን ሳስበው ግን የሚያስፈራው እርሱ ነው።

በዓሉ ካለፈ በኋላ ማክሰኞ ጠዋት ወደ ርእሰ መምህሩ ቢሮ ተጠራሁ። በዚያም ከስድስቱ የአንዱ አባት ቆመው ነበር። እኒህ ሰው በ2013 ዓ.ም. በመተከል ያን ያህል ሕዝብ ባለቀበት ጊዜ ታናሽ ወንድማቸው የሞተባቸው ናቸው። ጉባ ደግሞ በመተከል ዞን ነው። ልጃቸውን በፊልሙ ላይ በግድቡ ፊት ቆሞ ባዩት ጊዜ፥ ያለ እርሳቸው ፈቃድ በዚያ መንገድ እንደ ተወሰደ አመኑ።

«ልጄን ሳልፈቅድ ማን ወሰደው?» አሉኝ።

«አባባ፥ አልሄደም። ሁሉም እዚሁ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ነው የቆሙት» አልኋቸው።

«እኔ በዓይኔ ያየሁትን አንተ ልጅ ታስተባብለኛለህ?»

ልጃቸው «አልሄድሁም» ብሎ ምሎላቸው ነበር። እናቱም በዚያ ሳምንት ከቤት እንዳልጠፋ መስክራለች። እርሳቸው ግን ከልጃቸው መሐላና ከሚስታቸው ምስክርነት ይልቅ የእኔን 40 ሴኮንድ አመኑ፤ ልጁንም ስለ ዋሸ ብለው ሁለት ቀን ሳያነጋግሩት ቀሩ። እውነት የተናገረ ልጅ ውሸታም ተባለ፥ የተጣመረው ምስል ግን እውነተኛ ተባለ። እኔ ለጭብጨባ የሠራሁት ነገር በአንድ ቤት ውስጥ ይህን አደረገ።

ጥፋቱ የማንም ሳይሆን የእኔ ነው። በፊልሙ መጨረሻ ላይ «ይህ ምስል በኮምፒዩተር የተጣመረ ነው» የሚል አንድ መስመር ጽፌ ነበር፤ ከበዓሉ በፊት በነበረው ሌሊት አጠፋሁት። ለምን ቢሉ፥ ጭብጨባውን ያቀዘቅዘዋል ብዬ ፈራሁ።

እንግዲህ ይህ ከተሰማ በኋላ በትምህርት ቤታችን ሁለት ዓይነት ሐሳብ ተነሥቷል። አንዳንድ መምህራን «ይህ ሥራ ከክበባችን ይውጣ፤ ልጆችን ማታለል ያስተምራል» ይላሉ። ከተማሪዎች መካከል ደግሞ «ምን ጉዳት አለው? ሁሉም ቲክቶክ ላይ የሚያደርገው ነው» የሚሉ አሉ። እኔ በሁለቱም አልስማማም። የሁለተኞቹ መልስ ከዚህ በላይ የጻፍሁት ነው፤ ያን አባት ቢሮ ቆመው ያየ «ምን ጉዳት አለው» አይልም። ለመጀመሪያዎቹ ግን ረዘም ያለ መልስ አለኝ።

የአያቴን ፎቶግራፍ ማንም ውሸት ያላለው ለምንድን ነው? ያ ባሕር የተሣለ መሆኑን ሁሉም ስለሚያውቅ ነው። የፎቶ ቤቱ መጋረጃ መታጠፊያው ይታያል፤ ጀልባው ከአያቴ ጉልበት አይበልጥም። ሰውየው የከፈለውም ለባሕሩ ሳይሆን ለጨዋታው ነበር። ከእኔ ፊልም የጎደለው የመጋረጃው እጥፋት ነው። እጥፋቱን መልሼ ላሳይ እችላለሁ እንጂ ጥበቡን መጣል አያስፈልገኝም። ስለዚህ የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው፦ በትምህርት ቤታችን የሚሠራ የተጣመረ ፊልም ሁሉ ሲጀምር ሦስት ሴኮንድ ያህል፥ ማለት 90 ምስል፥ ባዶውን ጨርቅና በፊቱ የቆሙትን ልጆች ያሳይ፤ ከዚያ ግድቡ ይምጣ። በጽሑፍ ብቻ መናገር አይበቃም፤ ከወላጆቻችን ማንበብ የማይችሉ አሉና። በዓይን የገባ ነገር በዓይን ሊፈታ ይገባል። ይህን ሳደርገው ጭብጨባው እንደማይቀንስ፥ እንዲያውም እንደሚጨምር፥ በጥር ወር በክፍላችን ባሳየሁት ጊዜ አይቼዋለሁ።

«ማታለል ያስተምራል» ለሚለው ደግሞ ልጨምር። ማታለሉ እኛ ብንማርም ባንማርም በስልካችን ውስጥ ገብቶ ተቀምጧል። ከሌላ አገርና ከሌላ ዘመን የመጣ የሬሳ ምስል የእኛው ቀበሌ ነው ተብሎ ሲዞር እኔ ራሴ ደርሶኛል፤ እንዲህ ያለ ምስል በእኛ ክልል ምን ሊያስነሣ እንደሚችል ለአሶሳ ሰው መንገር አያስፈልግም። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ግድቡ በተመረቀ ሰሞንም ዐረፍተ ነገር ሲጽፉለት ምስል የሚሠራ ማሽን የፈጠራቸው የግድብ ምስሎች በብዛት ደርሰውኛል። በአንደኛው ውኃው ወደ ላይ ይፈስስ ነበር፤ በሌላው ሁለት ሰዎች አንድ እጅ ተጋርተው ነበር። እነዚህን በአንድ እይታ ለየሁ፤ ጠርዝና ጥላ ሲያዩ መዋል ዓይንን ይከፍታልና። በእውነት ለመናገር ግን ሦስተኛውን አላወቅሁትም። ለአሥራ አራት ሰው ከላክሁት በኋላ ነው ሐሰት መሆኑ የተነገረኝ። ስለዚህ ይህን ጥበብ የተማረ ሁሉ አይታለልም ብዬ ልምል አልችልም። የተማረ ሰው ከመላኩ በፊት ጥቂት ይቆያል ለማለት ግን እደፍራለሁ፤ እኔ ከዚያ ወዲህ እቆያለሁ።

«ማሽኑ በአንድ ደቂቃ የሚሠራውን አሥራ ሰባት ቀን መድከም ለምን አስፈለገ?» ብሎ የጠየቀኝ ጓደኛ አለ። ጥያቄው ከባድ ነው። መልሴ በዚህ ዓመት የቴአትር ክበባችን በያዘው ሥራ ውስጥ ይገኛል። ክበቡ አሶሳን ያስተዳድሩ ስለ ነበሩት ስለ ሼክ ሖጀሌ አል ሐሰን ቴአትር አዘጋጅቷል፤ በአዲስ አበባ ሸጎሌ የሚባለው ሰፈር ስሙን ያገኘው ከእርሳቸው ነው። አንድ ክፍሉን በፊልም ማንሣት ስለ ፈለግን በቅል የተሠራውን ዋዛ የሚነፉ የበርታ አባቶችን ለምነን አነሣናቸው። ከኋላቸው ግን የቴሌ ማማና የመብራት ሽቦ ገባ፤ በሼክ ሖጀሌ ዘመን ማማ አልነበረም። ማሽኑን «ማማውን አጥፋና አምሳል» ብለው ማማውን ያጠፋል፥ ነገር ግን የዋዛውን ቅርጽ አብሮ ይለውጠዋል፤ ቅሉን ቱቦ አድርጎ መለሰልኝ። ዋዛን አያውቀውምና። በእጅ ሲሠራ ግን የማይነካው አይነካም። ካሜራው ስለሚንቀሳቀስ ፕሮግራሙ የሜዳውን ገጽ እየተከተለ በማትሪክስ ያሰላዋል፤ በአሥራ አንደኛ ክፍል «ይህ ለምን ይጠቅማል?» እያልን ያጉረመረምንበት ያው ማትሪክስ ነው። ማማው ይሄዳል፥ ዋዛው እንደ ዋዛ ይቀራል። (እዚህ ላይ አንድ ነገር አይቀላቀል። ይህ ቴአትር ስለ ሆነ ማማውን ማጥፋት ተገቢ ነው። እነዚያው አባቶች ዛሬ እንዴት እንደሚኖሩ የሚያሳይ ዘጋቢ ፊልም ቢሆን ኖሮ ማማውን መንካት አይገባኝም ነበር።)

ሌላው ተቃውሞ ከወላጆች የሚመጣው ነው። «አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናችሁ፤ ጨዋታውን ትታችሁ ለፈተናው አጥኑ» ይሉናል። እውነታቸውን ነው፤ ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ መሰጠት ከጀመረ በኋላ በጥር ወር 2015 ዓ.ም. በተገለጸው ውጤት 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ይህን ቁጥር ሰምቶ የማይደነግጥ ተማሪ የለም። እኔ የምጠይቀው ግን ከጥናት ሰዓት እንዲቀነስ አይደለም። የኮምፒዩተር ክፍላችን ዓርብና ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ተቆልፎ ይውላል፤ ያ ጊዜ ለፍላጎት ያላቸው ይከፈት ማለቴ ነው። በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ትምህርት ለብዙ ወጣት በር ከፍቷል፤ ፕሮግራም መጻፍን፥ የአንድሮይድ ሥራን፥ የዳታ ሳይንስንና የሰው ሠራሽ አስተውሎትን ያስተምራል። የምስል ሥራ ግን በመካከላቸው የለም። በእኛ ክልል ቢሆን ከሠርግ ፊልም አንሺው ጀምሮ እስከ ቴሌቪዥን ድረስ የምስል ባለሙያ የማይፈልግ የለም፤ ሁሉም ግን ለመማር ወደ አዲስ አበባ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ መጓዝ ግድ ይሆንበታል። ቀርከሃችንና ማንጎአችን ወደዚያ እየተጫነ መሄዱ አንድ ነገር ነው፤ ልጆቻችንም አብረው መጫናቸው ያሳዝነኛል።

ለዚህም ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። ፕሮግራሙ በነጻ ነው፤ መጽሐፉ በነጻ ነው፤ ኮምፒዩተሮቹ አሉ፥ ምንም እንኳ ሜሞሪ ቢያንሳቸው። ሰማያዊው ጨርቅም አለ። እኔ እስክፈተን ድረስ የማውቀውን ላሳይ ዝግጁ ነኝ፤ ከእኔ በኋላ የሚያሳዩ ሁለት የአሥረኛ ክፍል ልጆች ከወዲሁ ከእኔ የተሻለ ፀጉር መለየት ጀምረዋል።

ስለ እኒያ አባት የቀረውን ልናገር። በተጠራሁበት ሳምንት ቅዳሜ የወንድሜን ኮምፒዩተር ይዤ ወደ ቤታቸው ሄድሁ። ቡና ተፈልቶ ነበር፤ ልጃቸው በሩ አጠገብ ቆሟል። ፊውዥንን ከፍቼ ሣጥኖቹን አንድ በአንድ አጠፋሁላቸው። መጀመሪያ ሰማዩ ሄደ፥ ቀጥሎ ግድቡ ሄደ፥ በመጨረሻ ልጃቸው በሰማያዊ ጨርቅ ፊት ብቻውን ቀረ፤ በጎኑም በካርቶን የሚያራግበው ልጅ ታየ።

«መልሰው» አሉኝ። መለስሁት። «አጥፋው» አሉኝ። አጠፋሁት። አራት ጊዜ እንዲህ አደረግን። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞረው «ና፥ ተቀመጥ» አሉትና ቡናውን በእጃቸው ሰጡት።

ልሄድ ስነሣ ግን ከኪሳቸው አንዲት ጉርድ ፎቶግራፍ አወጡ። የታናሽ ወንድማቸው ናት፤ ለመታወቂያ የተነሣት፥ ጠርዟ የተበላ።

«የሞተ ሰውስ ይገባል? ከእኛ ጋር፥ ከቤተ ሰቡ ጋር ቢቆም» አሉኝ።

ምን ብዬ እንደምመልስ አላወቅሁም። በፎቶ ቤት ይህ ሲደረግ የኖረ መሆኑን አውቃለሁ፤ በእጅ ሥራም ረገድ ከግድቡ ይልቅ ይህ ይቀላል፥ ምስሉ አይንቀሳቀስምና። ነገር ግን ሦስቱን ሴኮንድ፥ ባዶውን ጨርቅ፥ በእርሳቸው ምስል ላይ የት አድርጌ ላሳይ? ደግሞስ ማሳየት አለብኝን? ፎቶግራፏን ተቀብዬ በሒሳብ ደብተሬ ውስጥ አስቀመጥኋት። ብርሃኑ ከግራ ነው፤ እርሱን አይቻለሁ። ቤተ ሰቡን የማነሣቸው እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው፥ ፀሐዩ ወደዚያው ሲዞር።